ክር የሌለው ማሽን

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ሲፈን ከጊምቢ መጥታ እኔ ጋ ሰነበተች። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እኔ ምስር ስለቅም፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ከስልኩ አንድ ድምፅ ወጣ። ቀጭን ድምፅ ነው። ጢው ይልና ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጢው ይላል፤ ከዚያ ከጣሪያ እንደሚንጠባጠብ ውሃ ተከታትሎ ይወርዳል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰምቼው አላውቅም። ከእኔ በፊት ያወቀው እግሬ ነው። ቀኝ እግሬ ወለሉን መርገጥ ጀመረ፤ የስፌት ማሽን ፊቴ የተቀመጠ ይመስል ተረከዝና ጣት፣ ተረከዝና ጣት። ሲፈን ቀና ብላ አየችኝና «አኮ፣ እግርሽ ምን ሆነ?» አለች። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ወሎ ተወልጄ ነቀምቴ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የልጅ ልጆቼ በአባታቸው ቋንቋ ነው የሚጠሩኝ። «ደንዝዞኝ ነው» አልኳት። አልደነዘዘኝም።

«ምንድን ነው የምትጫወቺው?» አልኩ ምስሩን አስቀምጬ።

«የድሮ ጨዋታ ነው። ጫካ ውስጥ የሚሮጥ ሰውዬ አለ። አንቺ አታውቂውም።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። እሱ ነው። ያ አጭር ሰውዬ ዛፎቹ ሥር ይሮጣል፤ ግንድ እየተንከባለለ ይመጣበታል፣ ይዘለዋል፤ ኩሬው ዳር ሲደርስ የተንጠለጠለውን ሐረግ ይዞ ከአዞዎቹ በላይ ተወዛውዞ ይሻገራል። አንድ ነገር ብቻ አዲስ ሆነብኝ፤ ጫካው አረንጓዴ ነው። እኔ የማውቀው ጫካ ግራጫ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ስለነበር አዞውም ሐረጉም ሰውየውም ግራጫ ነበሩ። ሲፈን ጣቷን እያሯሯጠች «የዚህ ጨዋታ ሌላም አለ፤ በየመጫወቻ ማሽኑ ለየብቻ ነበር የሚሠሩት። አንዱ ላይ የሌለ ነገር ሌላው ላይ አለ» ስትለኝ ምስሩን መልሼ አነሳሁ። ድንጋዩንም ምስሩንም አብሬ ሳልጥል አልቀረሁም። አንዱ ላይ የሌለው ሌላው ላይ መኖሩ ምን እንዳስከተለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር የምኖረው። በዚህም ተሳስቼ ኖሯል፤ እሱን ግን በኋላ እነግራለሁ።

ያኔ የምንኖረው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ጀርባ ነበር። ጋሽ ሸምሱ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ሲገባ የሚቀበለው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ነጭ ጋዝ፣ ቅርንፉድ፣ የልብስ ሳሙና፣ የአዲስ ሸራ ጫማ ጎማ። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ካርድ የሚገኝበት ዘመን ስለነበር መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነበር፤ እሳቸው ግን ባዶውን በሻማና በክብሪት ፓኮ አሳምረው ይሞሉታል። የቀረውን የሚሞላው የሰው ወሬ ነው። ከኑኑ ቁምባ ማር ጭኖ የመጣ፣ ከገጠር አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር ተሸክማ የገባች፣ አስተማሪው፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም እዚያ ደጃፍ ላይ ይቆማል። በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ የሚያልቅ፣ በአማርኛ ተጀምሮ በጉራጊኛ ሳቅ የሚዘጋ ጨዋታ ነበር። የሴቶቹ ጉርድ ከጉልበት በታች ወርዷል፤ የወጣቶቹ ሱሪ ከታች መስፋቱ ቀርቶ መጥበብ ጀምሯል። ይህን የማውቀው ሰፊ ሱሪ ያለው ሁሉ ወደ እኔ እየመጣ «አጥብቢልኝ» ስለሚል ነው። አንድ ሱሪ ለማጥበብ ሃምሳ ሳንቲም፣ አዲስ ካኪ ሱሪ ለመስፋት ሦስት ብር ነበር የምቀበለው። ዛሬ ያ ሱቅ ፎቅ ሆኗል፤ ምድር ቤቱ ስልክ ይሸጣል። በዚያ ሳልፍ ቅርንፉድ የሚሸተው እኔን ብቻ ነው።

የልጄ የለሚ አባት አስተማሪ ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ሳይሞላው በወባ ሞተብኝ። የቀረኝ ለሚና የእግር ማሽኔ ናቸው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ፍርሃት ነው። ውሃ ሁለት ጊዜ አፈላለሁ። ከቤት ስወጣ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ሳልጎትት አልሄድም፤ ጥቂት ተራምጄም ተመልሼ አራተኛ እጎትታለሁ። የጋሽ ሸምሱ ባለቤት ዘይነባ ከሱቁ የጓሮ በር ላይ ቆማ እያየችኝ ትስቅ ነበር። «ሃዳ ለሚ» ትለኛለች፤ የለሚ እናት ማለቷ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛው ነው የሚጠራኝ። «ሃዳ ለሚ፣ ሌባው ራሱ ተስፋ ቆርጦ አገር ለቋል እኮ። አንቺ ዝናብ ሳይመጣ የምትረጥቢ ሴት ነሽ።» እሷ ምንም አትፈራም ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስትራመድ የፕላስቲክ ጫማዋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት። ከሦስት ሴት ልጆች በኋላ ያገኘችው አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ስሙ ነስሩ ነው። ከለሚ ጋር እኩያ ነበሩ፤ ጠባያቸው ግን ሌላ ነው። ለሚ አትሂድ ሲባል የሚሄድ፣ ነስሩ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ፈቃድ የሚጠይቅ። ለሚን ስቆጣው «ምን አለ እንደ ነስሩ ብትሆንልኝ» ነበር የምለው። ዘይነባ ደግሞ «ውሰጂውና እንለዋወጥ» ትላለች። «የኔው እኮ ካላዘዙት አይተነፍስም።»

የጨዋታው ሳጥን የመጣው ከድሬዳዋ ነው። የጋሽ ሸምሱ ወንድም እዚያ ይነግድ ነበርና ከሬዲዮና ከጨርቅ ጋር አንድ ጥቁር ሳጥን ላከላቸው። እንደ ጣት የቆመ መዘውር፣ አንድ ቀይ ቁልፍ፣ ከላይ የሚሰካ ካሴት። ገመዱ ከጋሽ ሸምሱ ቴሌቪዥን ኋላ ሲገባ ያ ጫካ ይመጣል። መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። ዓይን ያጠፋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደግሞ ሰውየው አዞ አፍ ውስጥ ሲገባ ልጆቹ መሳቃቸው አልጣመኝም። «ችግር የለም እማ፣ ሦስት ነፍስ አለው» ይለኛል ለሚ። ሦስት ነፍስ ያለው ሰው እናት የለውም ማለት ነው ብዬ አስብ ነበር።

ከዚያ አፈሳው መጣ። ዓመቱን ለይቼ መናገር አልችልም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ነገር አልነበረምና። ለብሔራዊ ውትድርና እየተባለ ወጣት ከገበያ፣ ከመናኸሪያ፣ ከኳስ ሜዳ ይታፈስ ነበር። ያን ክረምት ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ባሰ። ልጆቹ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ለሚ ደግሞ ቁመቱ እንደ አባቱ ነው፣ ሃያ የሞላው ይመስላል። እንቅልፍም ምግብም እንቢ አለኝ። መላ ያመጣችው ዘይነባ ናት። «የኛ ቤት መንገድ ላይ ነው፤ ሹሙም ወታደሩም ሲጋራ ሊገዛ ይገባል። ያንቺ ግን ከውስጥ ነው። ሳጥኑን አንቺ ጋ እናምጣው። ሁለቱም ጫካቸው ውስጥ ይዋሉ» አለች። ቴሌቪዥኑን በካኪ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ልሰፋው የተቀበልኩት ጣቃ አስመስለን በጠራራ ፀሐይ በጓሮ አስገባነው። ያ የጠላሁት ነገር ልጄን ቤት የሚያውልልኝ ብቸኛ ነገር ሆነ።

የቀረው ድምፁ ነው። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ስለነበር የድምፁ መዘውር ተንኮለኛ ነበር፤ ሲቀንሱት ጭራሽ ይጠፋና ምስሉም አብሮ ይረበሻል። ስለዚህ ድምፁን የምሸፍነው በማሽኔ ነው። ልጆቹ ጓዳ ይጫወታሉ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ክፍል ተቀምጬ እረግጣለሁ። ሥራ ሲኖረኝ እየሰፋሁ፣ ሥራ ሲያልቅብኝ ባዶውን። መርፌው ክር ሳይኖረው በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። እኔ ስቆም እነሱም ይቆማሉ፤ ስምምነታችን ይህ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ እፎይ እል ነበር፤ ቆርቆሮው እኔን ተክቶ ይሠራል። በዚያ ዘመን ከተማው ሁሉ ድምፁን ቀንሶ ነበር የሚኖረው። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት የታሸገባቸው ጎረቤቶቻችን መዝሙር የሚዘምሩት ጓዳ ገብተው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ነው። እኔም የራሴን ድርሻ በእግሬ እሠራ ነበር።

ከቀበሌው ጥበቃዎች አንዱ ኦቦ ዲንሳ የሚባል ሰው ነበር፤ ኦቦ አቶ እንደ ማለት ነው፤ ሱሪው እኔ ጋ ነው የሚሰፋው። እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ «አካም ጅርቱ፣ ሃዳ ለሚ?» ብሎ ደህንነቴን ይጠይቃል። ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻው እያስተካከለ «ይህን ሁሉ የምትሰፊው ለማነው? ለመላው ወለጋ ነው እንዴ?» ይለኛል።

«ልጅ አሳዳጊ ነኝ ኦቦ ዲንሳ። ካልረገጥኩ ማን ያበላኛል?»

«የኔ ሱሪ ቀጠሮው ካለፈ ሁለት ሳምንቱ ነው። አልደረሰም ትያለሽ። ማሽኑ ግን አይቆምም።»

«ነገ ይደርሳል።»

ይስቅና ይሄዳል። ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልጽፍም። የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነበር፤ የማንን ደጅ ማለፍ እንዳለበትም የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር።

አንዳንዴ በመሃል እነሳና ልጆቹ ጋ ገብቼ አያለሁ። ለሚ እንደ ደም ፍላት ያደርገዋል፤ ሰውየው ሲሞት መዘውሩን ይወረውራል። ነስሩ ግን ምላሱን በጥርሱ ይዞ በዝግታ ነው። አንድ ቀን ነስሩ መዘውሩን እጄ ላይ አኖረልኝ። «እትዬ አስካለ፣ ይሞክሩት። አዞው አፉን ሲገጥም ጭንቅላቱን ረግጠው ያልፋሉ።» ሦስቱንም ነፍስ ወዲያው ጨረስኩ። ለሚ ወለሉ ላይ ተንከባለለ በሳቅ። ነስሩ አልሳቀም፤ አስቦ «እርስዎ ቶሎ ነው የሚዘሉት። ስለሚፈሩ ነው። ትንሽ ይጠብቁ» አለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ነው እንዲህ ያለኝ።

ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ሲገባ ለሚ ጫካውን ጨረሰው። ለካ ያ ጫካ መጨረሻ የለውም፤ ሄዶ ሄዶ መነሻው ላይ ይመለሳል። «እማ፣ ይሄ ጫካ መውጫ የለውም» አለኝ ተስፋ ቆርጦ። እኔ ደስ አለኝ። መውጫ የሌለው ነገር ነበር የምፈልገው። እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው ጫልቱ የመጣችው። ከኡኬ ነው የምትመጣው፤ ኡኬ መኪና መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ ጨርቋን ይዛ ገባች። ስለካት ከጓዳ ጢው የሚል ድምፅ ወጣ። ወዲያው ዘልዬ ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩና መርገጥ ጀመርኩ።

ጫልቱ ጎንበስ ብላ መርፌውን አየችና «ሃዳ ለሚ፣ ማሽንሽ እኮ ክር የለውም» አለች።

«ዘይት እያጠጣሁት ነው።»

«እኔን ነው የምትሸውጂው?» ሳቀች። «ያቺን ድምፅ አውቃታለሁ። ወንድሜ ጤና ረዳት ነው፤ ባሏ መርከበኛ የሆነች እህታችን ከአሰብ እንዲህ ያለ ነገር አምጥታለታለች። የጫካው ሰውዬ አይደል? የኛው ግን የሌላ ዓይነት ሳጥን ነው። የኛው ሙዚቃ አለው። ሰውየው ቢሞት እንኳ ከመጀመሪያ አይነሳም፤ መጨረሻ ካለፈበት ቦታ ነው የሚነሳው። ጫካውም ወደ ታች ይቀጥላል፤ ወንዝ አለ፣ ዋሻ አለ።»

«ማሎ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» አልኳት። ማሎ እባክሽ ማለት ነው። ጓዳው ውስጥ ጨዋታው ፀጥ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ። ለሚ ፀጥ የሚለው ሲያስብ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ጥርት አለ። ጠዋት ክር ልገዛ ገበያ ደርሼ ስመለስ ነስሩ ብቻውን ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ለሚስ?»

«ኡኬ ሄዷል። ሙዚቃ ያለውን አይቼ ከሰዓት እመለሳለሁ በላት ብሎኛል።»

«በምን ሄደ?»

«በጭነት መኪና። እኔንም ና ብሎኝ ነበር፤ እማዬን ሳልጠይቅ አልሄድም አልኩት።»

ነጠላዬን ብቻ አንስቼ ወደ በሩ ስሮጥ ነስሩ ተነሳ። «እትዬ አስካለ፣ እኔ ወደ ቤት ልሂድ? እርስዎ ከሌሉ ምን እሠራለሁ?» አለኝ። በጓሮ በኩል እስከ እናቱ ቤት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ግን አደባባይ ላይ ያለ ሃያ እርምጃ መሰለኝ። «የትም አትሂድ። እኔ እስክመለስ እዚሁ ተጫወት» አልኩት። ከውጭ ቆለፍኩበት፤ ቤቱ ባዶ እንዲመስል። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ጎተትኩ። ጥቂት ሄጄ ተመልሼ አራተኛ ጎተትኩ። ይህን ሁሉ ሳስብ፣ ድምፁን አጥፋ ማለት አልመጣልኝም። ያን ክረምት ሁሉ ድምፁን የሸፈንኩት በእግሬ ነበር፤ እግሬ ደግሞ አብሮኝ መሄዱን ረሳሁት።

መናኸሪያውን፣ እህል በረንዳውን፣ መኪኖች የሚጭኑበትን ሁሉ ዞርኩ። ወደ ኡኬ የሄደ መኪና አለ፣ የተመለሰ ግን የለም። ምሳ ሰዓት አልፎ ስመለስ ቁልፉ ተሰብሮ ከማንጠልጠያው ጋር መሬት ላይ ወድቋል። በሩ ክፍት ነው። ጓዳ ገባሁ፤ ቴሌቪዥኑ እየሠራ ነው። ያ ሰውዬ ኩሬው ዳር ቆሟል። ሐረጉ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሰውየው አይይዘውም፤ የሚያዘልለው አልነበረም። ከላይ ያለው የሰዓት ቁጥር ብቻ ይቀንሳል። እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም ነበርና ቁጥሩ እስኪያልቅ ቆሜ አየሁት።

ኦቦ ዲንሳን ያገኘሁት ወዲያው በሩ ላይ ነው። ፊቴን አላየም። «ቤቱ ተቆልፎ ማሽኑ ሳይሠራ የሚጮህ ነገር ሰማን» አለ። «ከሌላ ቀበሌ የመጡ ሰዎች ነበሩ አብረውኝ። የሸምሱ ልጅ መሆኑን ያወቅኩት ከወጣ በኋላ ነው።» ትንሽ ቆሞ «ማሽንሽን ለምን አቆምሽ?» አለኝ። ለካ ያውቅ ነበር። ክረምቱን ሁሉ ያውቅ ነበር።

ለዘይነባ «ከቤቴ ወሰዱት» አልኳት። ይህን ብቻ። ወደ ቤት ልሂድ ማለቱን፣ መቆለፌን፣ ድምፁን መርሳቴን አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ ሹራብና ዳቦ ይዛ በባዶ እግሯ ሮጠች። የታፈሱትን ያሰባሰቡት በሽቦ በታጠረ መጋዘን ግቢ ነበር። የዘይነባን ጫማ ይዤ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳት። ነስሩ እናቱን እያባበለ ሹራቡን በሽቦው መሃል ተቀበላት። ከዚያ እኔን አየኝና «እትዬ አስካለ፣ ለሚ ተመለሰ?» አለኝ።

«ተመልሷል» አልኩት። ገና አልተመለሰም ነበር፤ እንዳያስብ ብዬ ነው።

«ሙዚቃ አለው አለ ወይ?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ይጠይቁልኝ» አለኝ። ልጆቹን የጫኑት መኪኖች የሄዱት በዚያው ዕለት ነው።

ለሚ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ከጭነት መኪና ላይ ወርዶ ፊቱ በርቶ ገባ። «እማ፣ ያንኛው ጫካ እኮ...» ሲል በጥፊ መታሁት። ከዚያ በፊት መትቼው አላውቅም፣ ከዚያም በኋላ። ነገሩን ከሰማ ወዲህ ስለዚያ ጨዋታ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። በሳምንቱ ወደ አባቱ ዘመዶች ኑኑ ቁምባ ላክሁት፤ ዘመኑ እስኪያልፍ እዚያ እርሻ አረሰ። ስለዚህ ያን ሙዚቃ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ሁሌ የምለው ነገር ነበረኝ፤ የታዘዘ ልጅ ይድናል። ያልታዘዘኝ ዳነ። የታዘዘኝ ተወሰደ።

ከነስሩ ሁለት ደብዳቤ መጣ። ጋሽ ሸምሱ አንብበው አጣጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ዘይነባ «ደህና ነኝ ይላል» ትለኛለች። ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም። ዘመኑ ሲለወጥ ከዘመቱት ብዙዎች ጫማቸው አልቆ፣ ጨርቅ ጠቅልለው በእግራቸው ገቡ፤ ዘይነባ ሱቁ ደጃፍ ወንበር አውጥታ የሚያልፈውን ሁሉ ታይ ነበር። ነስሩ አልመጣም። አንድ ነገር ግን አለ። የመጀመሪያው ደብዳቤ በመጣ ሰሞን ዘይነባ በጓሮ መጥታ አዲስ የበር ቁልፍ፣ ከነመጠቅለያ ወረቀቱ፣ ከሱቅ መደርደሪያ ያወረደችውን፣ ማሽኔ ላይ አስቀመጠች። «ያንቺው ተሰብሯል» አለችና ሄደች። ሳቅ አልነበራትም። ነገሩ ለወቀሳ መሰለኝ። እስከ ዛሬ በር ላይ አውዬው አላውቅም፤ የልብስ ሣጥኔ ውስጥ ነው ያለው። ቴሌቪዥኑንና ጥቁሩን ሳጥን ጋሽ ሸምሱ ወስደው ለማን እንደሸጡት አልጠየቅኩም። ማሽኑን ደግሞ ክር ሳይኖረው ዳግመኛ ረግጬው አላውቅም።

ሲፈን ያን ጨዋታ ባሳየችኝ ማግስት ቁልፉን ከሣጥን አውጥቼ፣ ልጅቱን ከነስልኳ ይዤ ዘይነባ ጋ ሄድኩ። አሁን የምትኖረው በጨለለቂ ሰፈር በኩል ከትንሿ ልጇ ጋር ነው። ጋሽ ሸምሱ ካረፉ ቆይተዋል። ዓይኗ ደክሟል፤ ድምፄን ሰምታ ነው የለየችኝ።

«ሃዳ ለሚ፣ በርሽን ቆልፈሽ መጣሽ?»

«ቆልፌ መጣሁ።»

«ስንት ጊዜ ጎተትሽው?»

አልሳቅኩም። አጠገቧ ተቀምጬ ቁልፉን እጇ ላይ አኖርኩት። ከዚያ ያልኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት፤ ወደ ቤት ልሂድ እንዳለኝ፣ አትሂድ እንዳልኩት፣ ቆልፌበት እንደሄድኩ፣ ድምፁን ማስጠፋት እንደረሳሁ። ዘይነባ ቁልፉን በጣቷ እየዳበሰች ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። በመጀመሪያው ደብዳቤ ጽፎታል። ‹ድምፁን መቀነስ የረሳሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ አስካለን እንዳትቆጪብኝ፤ ቁልፋቸውን ሰብረውባቸዋልና አዲስ ግዢላቸው› ይላል። ይሄ ከየት የመጣ መሰለሽ ታዲያ?» ቁልፉን አነሳችው። «ከነወረቀቱ ነው እንዴ ያስቀመጥሽው፣ አንቺ ሴትዮ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንቺ ለምን አልነገርሽኝም? እስክትነግሪኝ ስጠብቅ አረጀሁ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አልተናደድኩም አልልሽም። ሁለት ዓመት ያህል ማሽንሽ ሲረገጥ ጆሮዬን እይዝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሳትረግጪ ዋልሽ፤ ታመምሽ መሰለኝና ደነገጥኩ። እንደዚያ ነው የለቀቀኝ።»

ሲፈን የማታውቀውን ነገር እያዳመጠች ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጠራኋት። «ያንን ሌላውን አምጪው» አልኳት። «በሌላው ማሽን የተሠራውን።» ፈልጋ ከፈተችው። ጫካው ይህኛውም አረንጓዴ ነው፤ ሰውየው ግን ወደ ታች ይወርዳል፤ ወንዝ አለ፣ ዋሻ አለ፣ ጫልቱ እንዳለችው። ሲፈን ስናወራ እንዳይረብሸን ብላ ነው መሰለኝ ድምፁን ዘግታው ነበር።

«ምንድን ነው?» አለች ዘይነባ።

«ለሚ ኡኬ ሄዶ ያየው ነው። ነስሩ ያን ቀን በሽቦው በኩል ጠይቆኝ ነበር፤ ሙዚቃ አለው ወይ ብሎ። መልሱን ሳልሰጠው ቀረሁ።»

ዘይነባ እጇን ዘርግታ ስልኩን ፈለገች፤ ሲፈን አስያዘቻት። ወደ ፊቷ አስጠግታ አየችው፤ ምንም እንዳልታያት አውቃለሁ።

«እኔ ዓይኔ አያይም ልጄ» አለች ለሲፈን። «ድምፁን ከፍ አድርጊው።»

ሙዚቃ አለው። ደስ የሚል፣ የሚሮጥ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚያዝን፣ ሲነሳ ደግሞ መልሶ የሚፈካ ዜማ ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። ወደ እግሬ አየሁ። አልተንቀሳቀሰም።